አተርና እሜቴ

የውሻና የድመት ምግብ ፋብሪካው ባለቤት በሁለት ነገር አይቀልድም፤ በሥጋና በእሜቴ። እሜቴ ነጭ ድመቱ ናት። ከእሱ ወንበር በቀር ሌላ ቦታ መተኛት ክብሯ ስለማይፈቅድላት፣ ሰውየው ፋብሪካውን የሚያስተዳድረው ቆሞ ነው።

ምግቡን እየመጠነች የምትቀምመው ደግሞ የሚስቱ ታናሽ እህት ናት። ሠራተኛው ሁሉ «ቀማሚዋ» ይላታል፤ እሷ የእህቷን ባል «ጋሼ» ትለዋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተዘግታ አተር እያስፈጨች፣ ከአተሩ ፕሮቲኑን እየለየች፣ የሥጋውን ግማሽ በእሱ ለመተካት ስትለፋ ኖራለች። ለውሻ የሚሆነው ተሳክቶላታል፤ እንዲያውም ሥጋ ጨርሶ የሌለበት ሠርታለች። ምስክር ግን አጣች። የግቢው ውሻ ሳህኑን ጠርጎ ከበላ በኋላ የዘበኛውን ካልሲ ስለደገመበት፣ ጋሼ «የዚህን ሆዳም ቃል አልቀበልም» አለ።

ድመት ሌላ ናት። ያለ ሥጋ ሰውነቷ አይጸናም። ቀማሚዋ ይህን ከማንም በላይ ስለምታውቅ ለድመት ከግማሽ አላለፈችም። ጋሼ በግማሹም አልተረታም።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ሲባል አልሰማሽም?» አላት። «ዛሬ ለእሜቴ ሁለት ሳህን ይቅረብላት። አንዱ የድሮው፣ አንዱ ያንቺ። ያንቺን ከተወችው ያቺን ክፍል የካርቶን ማስቀመጫ አደርጋታለሁ፤ አንቺም ማሸጊያ ክፍል ትገቢያለሽ። በቃ!»

ቀማሚዋ ወደ መጋዘን ደወለች። በናሙና ባልዲዎቹ ላይ በፊደል ተራ ምልክት ያደረገችው ራሷ ናት፤ ሀ የድሮው ባለ ሥጋ፣ ለ ግማሽ በግማሹ፣ ሐ ሥጋ የሌለበት የውሻው።

«አባባ፣ ሀንና ለን ቶሎ ያምጡልኝ።»

«እሺ ልጄ» አሉ የመጋዘኑ ኃላፊ። ሽማግሌው ሥራ የሚወዱ ሰው ስለሆኑ ባልዲ አልጎተቱም፤ እዚያው በሳህን ሰፍረው ይዘው መጡ። «በቀኝ ያለው ሀ፣ በግራ ያለው ለ» ብለው አስቀመጡ። ሁሉም ቡናማ እንክብል ነው፤ በዓይን አይለይም።

እሜቴ ተንጠራርታ ከወንበሩ ወረደች። የቀኙን ሳህን አሸተተችና ጀርባዋን ሰጠችው። ወደ ግራው ሄደች፤ ቀመሰች፤ ደገመች፤ አንዲት ፍሬ ሳታስቀር ጥርግ አደረገችው።

ጋሼ አፉን በእጁ ያዘ። «ሥጋውን ንቃ አተሩን!» ሰውየው ሲገለበጥ በግማሽ አይገለበጥም። ወዲያው ስልኩን አንስቶ ለሦስት ደንበኞች፣ ማለትም ለሁለት ባለ ሱቆችና ለአንዲት የእንስሳት ሐኪም፣ ጉዱን አበሰረ። ስልኩን ሲዘጋ ወደ ቀማሚዋ ዞረ። «ከነገ ጀምሮ ለድመትም ቢሆን ሥጋ የሚባል ነገር አይግባ! አተር ብቻ!»

ቀማሚዋ በደስታ እግሯ መሬት አልነካ ብሎ ነበር፤ ይህን ስትሰማ ነካ። ለማስረዳት አፏን ብትከፍት የሚሰማት የለም፤ ጋሼ እሜቴን አቅፎ ይዘፍናል። የሙከራ መዝገቡን ይዛ ልታሳምነው ስላሰበች ለመውሰድ መጋዘን ወረደች። እዚያ ሁለት ባልዲዎች ክዳናቸው ተነሥቶ ቆመዋል። አንደኛው ለ ነው። ሌላኛው ሐ። ክው አለች።

«አባባ! ምን አደረጉኝ? ሀ አላልኩም?»

«ሀ አልሽ፣ ሐ አመጣሁ። ምን አጠፋሁ?»

«የትኛው ሀ ብለው አይጠይቁም?»

«አንቺስ ሀሌታው ነው ሐመሩ ብለሽ አትናገሪም? ፊደል የቆጠርኩት እኮ በልምጭ ነው፤ ሁለቱን አሳምሬ እለያለሁ። በስልክ ግን ሁለቱም ሀ ናቸው!» ሽማግሌው ፊቷን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ ምንም አላየሁም። ክፍልሽን ይዘሽ ኑሪ።»

ዝም ማለት አማራት። እሜቴ ሥጋውን አልናቀችም፤ የናቀችው ሥጋ የሌለበትን የውሻውን ነው። ዝም ካለች ክፍሏ ትተርፋለች። ግን በአተር ብቻ የሚከሱ ድመቶች ታዩዋት፤ የሚጠሯት መሰላት። እያለቀሰች ደረጃውን ወጣችና ለጋሼ አንድ በአንድ ነገረችው።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ!» ብሎ ራሱን ያዘ። «ለሦስት ሰው ተናግሬ!»

በማግስቱ ጠዋት ሙከራው እንደ አዲስ ተደረገ። እሜቴ እውነተኛውን ባለ ሥጋ እስከ ታች ላሰችው። ከዚያ ፊቷን መታጠብ ጀመረች፤ ታጥባ ታጥባ አልጨርስ አለች። በመጨረሻ እሜቴ ተነሥታ ግማሽ በግማሹንም እስከ ታች ላሰችው።

«ሁለተኛ ወጣሽ» አለ ጋሼ፣ የክፍሏን ቁልፍ ወደ ኪሱ እየከተተ። «ለደንበኞቹ አንቺው ደውለሽ ትነግሪያቸዋለሽ። አንድም ገዢ ካልተገኘልሽ ክፍልሽ ካርቶኑ ይገባል።»

ጋሼም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍታ ደወለች። የመጀመሪያው ባለ ሱቅ ስቆ ዘጋባት። ሁለተኛው «ሁለተኛ ነገር ይቅርብኝ» አላት። ሐኪሟ ሁሉንም አስጨርሳ ሰማች።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሻጭ ይደውልልኛል» አለች ሐኪሟ። «ሁሉም ድመት የኛን ነው የምትመርጠው ይለኛል። ሁለተኛ ወጣሁ ብለው የደወሉልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ለእኔ ይላኩልኝ። ድመት ያላቸው ሰዎች ሲጠይቁኝ የምሰጠው የማምነውን ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ጋሼ የክፍሏን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና እጇ ላይ አስቀመጠላት። ቀማሚዋ ጠዋት ከአተር ወፍጮው እንደመጣች ስለነበረች ፊቷ ዱቄት እንደለበሰ ነው፤ እንባዋ በዚያ ላይ መንታ መንታውን ወረደ።

«በይ ተይ» አላት ጋሼ፣ የራሱን ዓይን በእጅጌው እየጠረገ። «ሊጥ ልትሆኚ ነው።»