የጤነኛ ሰው ብልቃጥ

አንጁሎ ቅቤ ነጋዴ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ፣ የበዴሳ መንገድ ገና ጥርጊያ ሳለ፣ ከገበያ ገበያ እየዞረ ቅቤ ይገዛና ሶዶ ላሉ ጅምላ ነጋዴዎች ያስረክባል። ቅቤ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሳይቀምስ አይገዛም፤ አንዳንዷ ሴት ላዩን ያማረ ቅቤ ትለጥፍና ከሥሩ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ ትሸሽጋለች። ስለዚህ አንጁሎ የቀርከሃ ስንጥሩን እየወጋ፣ እያወጣ፣ እየላሰ ነው ዕድሜውን የገፋው። ሆዱም ሳቁም በዚያው ወፈሩ።

ታዲያ አንድ ክረምት፣ ከሶዶ በታች ካለው መንደራቸው ሽቅብ ሲወጣ ትንፋሽ አጥሮት መንገድ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ አባይነሽ እየደገፈች፣ እየተቆጣች፣ በመሃልም እየጸለየች ክሊኒክ አደረሰችው። የክሊኒኩ የጤና ረዳት፣ ድሬሰር ደገፉ የሚባለው ወጣት፣ ክንዱን በጨርቅ ጠምጥሞ በላስቲክ ነፋው። ሽንቱን ደግሞ ሰማያዊ ውሃ ላይ ጠብ አድርጎ በአልኮል ኩራዝ አፈላው። ሰማያዊው ውሃ እንደ ሸክላ ቀላ።

“ስኳርም ደም ብዛትም አለብዎት” አለ ደገፉ። “እነዚህ ሁለቱ አንድ ቤት ከገቡ ቀጥለው የሚያንኳኩት ልብን ነው። ቅቤ፣ ጨው፣ ማር፣ ስኳር ይቅር። ክኒኑን ሳያቋርጡ ይዋጡ። በቀጠሮዎ ሲመጡ አሁንም ከቀላ ግን እዚህ አስተኝቼ በመርፌ ነው የምይዝዎት።”

ከዚህ ሁሉ ንግግር አባይነሽ ይዛ የሄደችው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ልብና መርፌ። ቦምቤ ይኖር የነበረው የአክስቷ ልጅ መርፌ ሊወጋ ገብቶ በቃሬዛ ነው የወጣው። ሲገባም ራሱን ስቶ እንደነበር፣ ዘግይቶ እንደሄደ ስንቱ ነግሯታል። አትሰማም። እሷ ዘንድ የገደለው መርፌው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሏ ዘበኛ ሆነች። ሚስዮን ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመት ተምራለችና የክኒኑን ወረቀት አንብባ፣ ደግማ አንብባ፣ ጠዋትና ማታ መዋጡን አፉን አስከፍታ ታያለች። የጨው ዕቃውን ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። ለእሱ የሚሆነውን የቃሪያ ዳጣ ያለ ጨው ለብቻው ፈጨች። ሌሊት ነቅታ ጆሮዋን ወደ ደረቱ ታስጠጋለች።

“የጦና አባት፣ ትተነፍሳለህ?” ትለዋለች በልጃቸው ስም ጠርታ።

“እተነፍሳለሁ። ሳቆም እቀሰቅስሻለሁ።”

ገበያም አብራው ወረደች። ስንጥሩን ነጥቃ ቅቤውን በእሱ ፋንታ እሷ ቀመሰች። ቅቤ ሻጮቹ ይህን ሲያዩ ዝም አላሉም።

“አባይነሽ፣ ባልሽ ምላሱን አከራየሽ እንዴ?” አለቻት አስናቀች፤ በዴሳ ገበያ ላይ በቦዬዋ የታወቀችው።

“ምላሱ ለጭቅጭቅ ይፈለጋል። አሁን ይሄን ከሥር ልውጋው።”

“ከላይ ውጊው፤ ከላይም ቅቤ ነው።”

የቀመሱትን መትፋት ባለ ቅቤዋን ማዋረድ ስለሆነ አባይነሽ ትውጠዋለች። ቤት ውስጥም ለእሱ የተከለከለው እንዳይባክን ብላ እሷ በላችው። ማሩን በላች። በቆጮው ላይ ሊፈስለት የነበረውን ቅቤ በራሷ ድርሻ ላይ አፈሰሰች። ሶዶ ወጥተው ቡሽራ የሚባለው ሰው ሻይ ቤት ሲቀመጡ የእሱን ሻይ ያለ ስኳር ታስቀዳና የእሱን ስኳር ወደ ራሷ ብርጭቆ ትጨምራለች። ውሃ ጥሙ የያዛት በዚያው ሰሞን ነው። “ጭንቀት ነው፤ ሰው ሲጨነቅ አፉ ይደርቃል” ትልና ቅሉን ትገለብጣለች። ሌሊትም እየተነሳች ወደ ጓሮ ትወጣለች። በዚያው ተመልሳ የባሏን ትንፋሽ ስለምታዳምጥ ነገሩ አልከፋትም።

የቀጠሮው ጠዋት አንጁሎ ሽንቱን ብልቃጥ ውስጥ አድርጎ፣ አፉን በእንሰት ቅጠል ወትፎ ደጃፍ ላይ አስቀመጠና ጫማውን ፍለጋ ገባ። አባይነሽ ብልቃጡን አየችው። ቢቀላስ? ያስተኙታል። ይወጉታል። ከዚያ ቃሬዛው።

እንዲህ ያለውን ሥራ ሰው አስቦበት አይሠራውም። ብልቃጡን እንሰቱ ሥር ገለበጠችው፤ በውሃ አለቀለቀችው፤ ወደ ጓሮ ዞረች። ለመሙላት አልተቸገረችም። “እኔን እንኳ የሚያመኝ የለ” አለች ለራሷ። ጌታንም ከወዲሁ ይቅርታ ጠየቀች።

ክሊኒኩ ሲደርሱ ደገፉ ብልቃጡን ተቀበለና ሥራውን ጀመረ። ጠብ አደረገ፤ ኩራዙን ለኮሰ። አንጁሎ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ ተቀመጠ። አባይነሽ ግን ዛሬ ልቧ ሞልቷል፤ ጠጋ ብላ ቆማ አየች። ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ሄደ። ይቆማል ብላ ጠበቀች። አረንጓዴው ቢጫ ሆነ። ቢጫው ብርቱካን መሰለ። ከዚያ የሶዶን የጡብ ቤት መስሎ ቀልቶ ቁጭ አለ።

“ካለፈውም ብሷል” አለ ደገፉ። የመስታወት መርፌውን ውሃ ውስጥ ከቶ ምድጃው ላይ ጣደ። “እንግዲህ ዛሬ እንጀምራለን፣ አቶ አንጁሎ። እጅጌዎን ይሰብስቡ።”

አንጁሎ እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ። “ጨው የሌለው ዳጣ በልቼ ይህ ከደረሰብኝ፣ ከእንግዲህ በቅቤ ነው የምሞተው” አለ።

ውሃው መፍላት ጀመረ። መርፌው ሳህኑ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። አባይነሽ ከዚያ ድምፅ ልትሸሽ ነበር ያን ሁሉ ያደረገችው፤ አሁን በገዛ እጇ ይዛው መጣች። ደገፉ ጥጡን አልኮል ነክሮ ወደ ባሏ ክንድ ሲጠጋ በመሃል ገባች።

“ቆይ ልጄ። ሽንቱ የእሱ አይደለም።”

“የማን ነው?”

“የጤነኛ ሰው ነው።”

ደገፉ የቀላውን ውሃ አየ፤ እሷን አየ። “ይህ ጤነኛ ሰው ስሙ ማን ይባላል?”

አባይነሽ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር። ከአጠገቧ የአንጁሎ ትከሻ ሲርገፈገፍ ተሰማት። የልብ ሕመም መጣበት ብላ ዞራ ደረቱን በሁለት እጇ ያዘች። እየሳቀ ነበር፤ እንባው እስኪወርድ።

ደገፉ አልሳቀም። “እማማ አባይነሽ፣ ይህን መድኃኒት ለማያስፈልገው ሰው ብወጋ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ራሱን ይስታል። ላይነቃም ይችላል።”

አባይነሽ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። የአንጁሎም ሳቅ በዚያው ቆመ።

ለአንጁሎ ሌላ ብልቃጥ ተሰጥቶት ወደ ጓሮ ተላከ፤ ድሬሰሩ ራሱ እስከ በሩ ሸኘው። የእሱ ሽንት ሲፈላ ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነና እዚያው ቀረ። ክንዱም ሲለካ ከበፊቱ ወርዷል።

“መርፌም አያስፈልግዎትም” አለ ደገፉ። “ማን ነው እንዲህ አድርጎ የጠበቀዎት?”

“ይቺ ጤነኛ ሰው” አለ አንጁሎ።

አባይነሽ አረንጓዴውን ውሃ እያየች ፊቷ በራ። ጌታ ይመስገን አለች። ቀዩ ውሃ የማን እንደሆነ ትዝ ያላት ደገፉ የእሷን ክንድ መጠምጠም ሲጀምር ነው።

“ውሃ ይጠማዎታል?”

“ጭንቀት ነው።”

“ሌሊት ይነሣሉ?”

“እሱን ላዳምጥ ነው የምነሣ።”

“እግርዎንስ ያቃጥልዎታል?”

እግሯን ወደ አግዳሚው ሥር ሳበች። ያቃጥላታል፤ ለማንም ግን ተናግራ አታውቅም። ደገፉ የላስቲኩን ነፋስ እያስተነፈሰ የመለኪያውን ዘንግ አየና ቅንድቡን አነሣ። ማሩንና የቅቤውን ነገር ጠየቃት፤ አንድም ሳትደብቅ ነገረችው።

“የእሱን ቤት ዘግተው የራስዎን ወለል አድርገው ከፈቱት” አላት። “ሲብስብኝ ይሰማኛል ብለው አይጠብቁ። ስኳርና ደም ብዛት ልብ ላይ እስኪደርሱ ብዙ አያሳምሙም።”

“እኔ ከወደቅሁ እሱን ማን ይጠብቀዋል?” አለች። ከዚያ እጅጌዋን ወደ ላይ ገፋች። “እንግዲያው እኔን ውጋኝ፤ መርፌውም ፈልቷል፣ እንዳይባክን።”

“መርፌ እንደ ማር አይደለም፤ ቢቀመጥም አይባክንም። በክኒን እንጀምር። እሱ የማይበላውን እርስዎም አይብሉ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሁለታችሁም በየብልቃጣችሁ።”

ከክሊኒኩ ወጥተው እንደ ልማዳቸው ቡሽራ ዘንድ ተቀመጡ። ቡሽራ ሻዩን ቀድቶ የስኳሩን ጣሳ ከነማንኪያው ወደ አባይነሽ አስጠጋ። አንጁሎ መዳፉን ብርጭቆዋ ላይ ከደነ።

“የእሷም እንደ እኔው።”

“ምን አጠፋች?” አለ ቡሽራ።

“ጤነኛ ናት።”

አባይነሽ ሻዩን ፉት አለችና ፊቷን አኮሳተረች። ለካስ ይህን ሁሉ ጊዜ ይህን ነበር ስታጠጣው የከረመችው። አንጁሎ ግን ደስ ብሎት አያት፤ እስክትጨርስም አልተነሣም።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ቁልቁለቱን ጨርሰው ከመንደራቸው በፊት ያለችውን ትንሽ ዳገት ወጡ። ሁልጊዜ ከኋላ ሆና ትንፋሹን የምታዳምጠው እሷ ነበረች። ዛሬ እሱ ወደ ኋላ ቀረ።

“የጦና እናት፣ ትተነፍሻለሽ?”

ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣላትም። ከመንገዱ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። “ትንሽ እንረፍ” አለች። እንዲህ ስትል ሰምቷት አያውቅም። አጠገቧ ተቀመጠ፤ ቀልድም አልጨመረ።

ትንፋሿ ሲመለስ መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ገበያው ነው። “በዴሳ ስንወርድስ ቅቤውን ማን ይቀምሰዋል?”

“ሻጮቹ ራሳቸው ይቅመሱ። ከሥር ወግተን እንሰጣቸዋለን፤ እኛ ፊታቸውን እናያለን።”

አባይነሽ አሰበችበት። “የአስናቀች ፊት አይለወጥም። ቦዬም ብትውጥ ቅቤ ነው የምትመስለው።”

“እንግዲያው የአስናቀችን አንገዛም” አለና እጁን ዘረጋላት። ይዛው ተነሣች፤ የቀረውን ዳገት ቀስ እያሉ ወጡት።