ፆመኞቹ ዶሮዎች

ሰማው የሳውዲ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል። የሚያድስለት ከፊሉ፣ ማለትም አሠሪው፣ አቡ ፈይሰል ነው፤ አቡ ፈይሰል ደግሞ ከሪያዱ ሱለይ ሰፈር ወጣ ብሎ ባለው የመዝናኛ ግቢው ሠላሳ ዶሮ አለው፣ የሚጠብቃቸውም ሰማው ነው። እና ልክ በዚህ ሰዓት ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል አቆሙላችሁ!

ጥፋቱ የራሱ ነው። መኖ መጋዘን የሚሠራው ጓደኛው ባዩ፣ ውሃ የነካው ሦስት ጆንያ በቆሎ "ውሰድ ወንድሜ፣ ከፊልህን ደስ አሰኝበት" ብሎ ሰጠው። ሲከፍተው አረንጓዴ ሻጋታ!

"ሀገር ቤት እህል ሲሻግት ምን ታደርጋለህ?" አለው ባዩ። "ታሰጣለሃ! የሪያድ ፀሐይ እኛን ያልማረች ሻጋታን ልትምር ነው?"

ሰማው ጣራ ላይ ሦስት ቀን አሰጣው፣ አበጠረው፣ ነፋው። ሽታው ሁሉ ጠፋ፤ ለዶሮዎቹም ሰጣቸው። በሳምንቱ ግን ዶሮዎቹ ኩርምት አሉ፣ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገረጣ።

ሱዳናዊው የእንስሳት ሐኪም አደም መጥቶ ጉዱን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። "ፀሐይ ሻጋታውን ታደርቀዋለች እንጂ መርዙን አትነካውም! መርዙ የሚገባው ጉበት ውስጥ ነው። ጉበት ልሰባብረው ብሎ ሲታገል መጀመሪያ የባሰ መርዝ ያወጣል፣ ከዚያ ነው ቀስ እያለ የሚያስወግደው። ንፁሕ መኖ ስጣቸው። ሦስት ሳምንት አንዲትም እንዳትታረድ፣ ጉበቷማ ጭራሽ!"

በነጋታው አቡ ፈይሰል ቢላዋ ይዞ ከች። "ካልጣሉ ኸላስ፣ በቃ! ጉበታቸው ለእናቴ ቁርስ ይሁን።"

ሰማው ከዶሮዎቹ ፊት ቆመ። እውነቱን ቢናገር ኢቃማው አበቃ።

"አይሆንም ባባ… ፆም ላይ ናቸው።"

"እነማን?"

"ዶሮዎቹ።"

"ዶሮዎቹም ሐበሻ ሆኑ?"

"ከእኔ ጋር ሲውሉ ለመዱ።"

አቡ ፈይሰል ጥሬ የምትለቅመውን አንዷን አሳየው። "ይቺስ?"

"እሷ ነፍሰ ጡር ናት፣ ይፈቀድላታል።"

"ነፍሰ ጡር ከሆነች እንቁላሉ የታለ?!" ብሎ ዶሮዋን አፈፍ አደረጋት።

ሰማው የአቡ ፈይሰልን እናት አሰባቸው። "ልጄ" ነው የሚሉት። ቢላዋው የዶሮዋ አንገት ላይ ሲያርፍ ሳያስበው ጮኸ፦ "ባባ ተው! ሻጋታ ያበላኋቸው እኔ ነኝ! ጉበታቸው መርዝ አለው!"

አቡ ፈይሰል ዶሮዋን ለቀቀና ለአደም ደወለ። "እውነቱን ነው" አለ አደም በስልኩ። "ዳክዬ ቢሆኑማ ይሄኔ ቀብረሃቸው ነበር። ዶሮ ትችለዋለች፣ ጊዜ ስጣት።"

አቡ ፈይሰል ሰማው ላይ አፈጠጠ። "ሦስት ሳምንት። ወይ እንቁላል፣ ወይ ኹሩጅ! ሀገርህ ትገባለህ።"

ከዚያማ ሰማው ዶሮዎቹን መለመን ሆነ ሥራው። "በርቺ እህቴ፣ ያንቺ ጉበት ካልሠራ የእኔ እንጀራ የለም!" ውሃቸውን በቀን አራቴ ይቀይራል፣ መኖውን ፍሬ በፍሬ ይለቅማል፣ ኩሳቸውን እንደ ሐኪም ጎንበስ ብሎ ይመረምራል።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አንዷ ጯ ብላ ጮኸች። ሮጦ ገባ፤ እንቁላል! ፎቶ አንስቶ ላከ።

የአቡ ፈይሰል የድምፅ መልእክት ደረሰው፦ "ሠላሳ ዶሮ፣ አንድ እንቁላል? እሷም የድንቢጥ ታክላለች!" ቀጥሎም፣ "ያላ፣ በል፣ እሁድ ኢቃማህን አድስልሃለሁ። እንቁላሏን ግን ዶክተሩን ሳንጠይቅ እንዳትነካት፤ ያንተንም ጉበት ላስታምም አልችልም።"