መዝገብ ቤትና ባቡሩ

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በዓይን ሕክምናው ክፍል ቁጥር አራት ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። በመስኮቱ በኩል በደረቱ የተኛው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ ከአልጋው ጎን የቆመችው ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ፣ በበሩ በኩል ደግሞ አንድ ዓይናቸው በፋሻ የተሸፈነ ጡረተኛ የመጋዘን ጠባቂ። የዋንጫው ጨዋታ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ሬዲዮው በሚስትየዋ እጅ ነው።

"ባቡሩን ክፈቺ" አለ ሹፌሩ ወደ ወለሉ እንዳፈጠጠ።

"አልከፍትም።"

"በእናትሽ!"

"እናቴን ተዋት። እሷም ብትኖር አትከፍትልህም ነበር። ወይ መዝገብ ቤትን ትሰማለህ፣ ወይ ምንም አትሰማም።"

"መዝገብ ቤትን ከምሰማ ሌላኛውንም ዓይኔን ይቅደዱት! ያለ ማደንዘዣ!"

ሽማግሌው በበሩ በኩል ሆነው ከት ብለው ሳቁ። "መዝገብ ቤት የምትሉት ማንን ነው ልጄ?"

"ኮሜንታተሩን ነው አባባ" አለች ሚስትየዋ። "በሁለተኛው ጣቢያ ላይ የሚያስተላልፈውን። ስም ያወጣለት ይሄ ነው።"

ለኮሜንታተሮቹ ሁሉ ስም አውጥቶላቸዋል። ሴትዮዋ ከተጋቡ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ "እኔ ያገባሁት አንድ ወንድ፣ የገቡብኝ አራት" ትላለች ለሥራ ባልደረቦቿ። አንደኛው ባሏ ነው። ሁለተኛው "ይቅርታ" ይባላል፤ የተጫዋቾችን ስም እያምታታ በየደቂቃው ይቅርታ ስለሚጠይቅ ነው። አንድ ጊዜ ጎሉን ለዳኛው ሰጥቶታል።

ሦስተኛው ባቡሩ ነው። ሹፌሩ ከወንድሙ ይልቅ የሚወደው እሱን ነው። ባቡሩ ሲጀምር ቀስ ይላል፤ ኳሷ መሐል ሜዳውን ስታልፍ "መጣ፣ መጣ፣ መጣ" እያለ ይፈጥናል፤ ጎል ሲገባ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይጮኻል። አንድ ቀን ከወንበሩ ወድቆ ጠረጴዛው ሥር ሆኖ ማስተላለፉን ቀጥሏል። ሹፌሩ በዚያው ጎል አውቶቡሱን መንገድ ዳር አቁሞ ሁሉንም በሮች ከፍቶ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ጨፈረ። ውስጥ የነበረው ተቆጣጣሪ ሊቀጣው ነው ብለው ሲፈሩ፣ ለካ ከሁሉም ቀድሞ የወረደው እሱ ኖሯል።

አራተኛው መዝገብ ቤት ነው። ከፋይል ላይ የሚያነብ ይመስል ድምፁ ከፍም ዝቅም አይልም። የዛሬ ሰባት ዓመት የሹፌሩ ቡድን ቀያዮቹ አንድ ጨዋታ በመጨረሻው ደቂቃ ሲያሸንፉ እሱ የኳስ አቀባዮቹን ልጆች ስም በዝርዝር እየጠራ ነበር። ዝርዝሩን ከጨረሰ በኋላ "እስከዚያው አንድ ጎል ተቆጥሯል" አለ። ሹፌሩ ሬዲዮውን በመስኮት ወረወረው። ሬዲዮው ዛሬም ጀርባው በፕላስተር እንደታሰረ ነው።

አሁን ግን ነገሩ የቀልድ አልነበረም። በሹፌሩ የቀኝ ዓይን ውስጥ ያለችው ስስ ሽፋን ከቦታዋ ተላቅቃ ነበር። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና አደረገለትና ዓይኑ ውስጥ የጋዝ አረፋ አስገባ። አረፋዋ ወደ ላይ ስለምትንሳፈፍ፣ ሽፋኗን ደግፋ የምትይዝለት ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ ከተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ሚስቱ ከዩኒፎርም ጨርቅ ቁርጥራጭ ቀለበት የመሰለ መደገፊያ ሰፋችለት፤ ግንባሩን እሱ ላይ አሳርፎ፣ ፊቱን ከአልጋው ጠርዝ አውጥቶ፣ በደህነኛው ዓይኑ የወለሉን ጡቦች ሲቆጥር አምስት ቀኑ ነው። ሾርባውን የሚጠጣው በስትሮ ነው።

ሐሙስ ዕለት፣ በግማሽ ፍጻሜው፣ ባቡሩ "መጣ፣ መጣ" ሲል ሰውየው ጭንቅላቱን ቀና አደረገ። ሲስተሯ አየችው፤ ሐኪሙም ተጠራ።

"አንዴ ብትደግመው ሽፋኗ ተመልሳ ትላቀቃለች" አለው ሐኪሙ። "ሁለተኛ ላናስተካክላት እንችላለን። መንጃ ፈቃድህንም እርሳው፤ በአንድ ዓይን አውቶቡስ የሚያስነዳህ የለም።"

ሚስትየዋ ይህንን በሁለት ጆሮዋ ሰምታለች። ምላሷ ጸጉር እስኪያበቅል ብትነግረውም ከኳሱ እንደማይቀር ስላወቀች የራሷን ብልሃት ፈለገች። መዝገብ ቤት ሲናገር እንኳን የታመመ ሰው፣ ከአልጋ የወደቀም አይነሳም።

ሁለተኛውን ጣቢያ ከፈተች።

"እንደምን ዋላችሁ" አለ መዝገብ ቤት። "አየሩ መጠነኛ ነው። የሜዳው ሣር ትናንት ታጭዷል።"

"ጀመረው!" አለ ሹፌሩ። "ሣሩን ማን እንዳጨደው እስኪነግረን ድረስ ሁለት ጎል ይገባል።"

"ዝም በል አንተ ልጅ!" አሉ ሽማግሌው። "አሳምረህ ስማ። እኔ የነጫጮቹ ደጋፊ ነኝ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ኳስ ያየሁት በዚህ ሰውዬ ዓይን ነው።"

"በመዝገብ ቤት? አባባ፣ ምን አጠፉና ነው?"

"ዓይኔ ደክሞ ቴሌቪዥኑ ጭጋግ ሲሆንብኝ ያንተን ጯሂ ሞክሬው ነበር። መጣ፣ መጣ ይላል። ማን መጣ? ከየት መጣ? በየት በኩል? አይናገርም። ለሚያይ ሰው ነው የሚጮኸው። ይሄኛው ግን ኳሷ የት እንዳለች ሳይነግርህ አፉን አይዘጋም። እስቲ አንዴ ልብ ብለህ ስማው።"

ሹፌሩ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት መዝገብ ቤት ቀጠለ። "ኳሷ በቀያዮቹ የግራ መስመር ናት። ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ። ሰባት ቁጥር ይዟታል። ከፊቱ አንድ ተከላካይ፣ ከኋላው ባዶ ሜዳ።"

ሚስቱ ጎንበስ ብላ አየችው። ቀኝ እጁ ከአልጋው ወርዶ ተንጠልጥሏል፤ ጠቋሚ ጣቱ በወለሉ ጡቦች ላይ ይሄዳል። መጥረጊያ የተደገፈበት ጡብ የነጫጮቹ ጎል ሆኗል፤ የአልጋው እግር የቀያዮቹ።

"እዚህ ጋ ነው" አለ በሹክሹክታ። "ሰባት ቁጥር እዚህ ነው ያለው። አየሽው?"

"ጡብ ነው የማየው።"

"መሐል ላይ ማንም የለም! ለምን አያሻግራትም? አሻግር!"

በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ነጫጮቹ አገቡ። መዝገብ ቤት "ኳሷ በቀኙ ቋሚ ሥር አልፋ መረብ ውስጥ ናት። ነጫጮቹ አንድ፣ ቀያዮቹ ባዶ" ሲል ሽማግሌው አልጋቸውን በጥፊ መቱት።

"የኔ አንበሶች! አንተ ሹፌር፣ ወራጅ አለ?"

"ገና ከመነሻው ነን አባባ። ትርፍ አይጫኑ!"

በዕረፍት ሰዓት ሚስትየዋ ለሁለቱም ውሃ ሰጠች። ባሏ በስትሮው እየሳበ "ሰባት ዓመት ሙሉ ስሰድበው ኖርኩ" አለ። "ለካ የሚሰደብ ሰው አይደለም። መሪ ይዤ ስለምሰማው፣ ዓይኔ መንገዱ ላይ ሆኖ፣ የሚለውን አላየውም ነበር።"

ሴትዮዋ ደስ አላት። ደስታዋ ግን ሰባኛው ደቂቃ ላይ ጠፋ።

"የማዕዘን ምት ለቀያዮቹ" አለ መዝገብ ቤት። "ኳሷ ከፍ ብላ ተሻግራለች። አራት ቁጥር ከሁለት ሰዎች በላይ ዘሏል። በግንባሩ። መረብ ውስጥ ናት። አንድ ለአንድ።"

የሹፌሩ ትከሻ ከፍራሹ ተነሳ። ሚስትየዋ ሬዲዮውን አልጋው ላይ ጥላ በሁለት እጇ ማጅራቱን ያዘችው። ከእጆቿ ሥር ሰውነቱ እንደ ሞተር ይንቀጠቀጣል።

"አልተነሳሁም!" አለ እየተነፈሰ። "ግንባሬ ቦታው ላይ ነው። አልተነሳሁም አይደል?"

"ልትነሳ ነበር!"

"አየሁት እኮ! አራት ቁጥር ሲዘል አየሁት! እንደ ዛሬ ኳስ አይቼ አላውቅም!"

ሚስትየዋ ያን ጊዜ የሠራችውን ስሕተት ተረዳችው። ያስተኛዋል ብላ የመረጠችው ድምፅ ከባቡሩ የባሰ ሆኗል። ባቡሩ ቢጮኽ ጆሮውን ነው የሚይዘው፤ ይሄኛው ግን ሰውየውን አንሥቶ ሜዳው መሐል አቁሞታል። ሽማግሌውን በቁጣ አየቻቸው። እሳቸው ግን እንኳን ቁጣዋን፣ እሷንም በቅጡ አያዩዋት፤ አንገታቸውን ወደ ሬዲዮው አስግገው ከንፈራቸውን ይነክሳሉ።

"ልዝጋው?" አለች።

"እንዳትሞክሪው!" አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

አልዘጋችውም። እሷም ብትሆን ልቧ ከተያዘ ቆይቷል። ሰባት ቁጥር የተባለውን ልጅ መልኩን አታውቀውም፤ ኳሷ ወደ እሱ በሄደች ቁጥር ግን እጇ ባሏ ማጅራት ላይ ይጠብቃል። "አመመኝ!" ይላል ባሏ፤ እጇን ታላላለች። ሰማንያ ደቂቃ ሆነ። ሰማንያ ስምንት። የቀያዮቹ በረኛ አንዱን በጣቱ ጫፍ አወጣ። ሽማግሌው "ወይኔ!" ሲሉ ሹፌሩ "ተመስገን!" አለ። አራት ደቂቃ ተጨመረ።

"ሰባት ቁጥር ሳጥን ውስጥ ገብቷል" አለ መዝገብ ቤት። "ተጠልፎ ወድቋል። ዳኛው ነጥቧን እያመለከቱ ነው። ፍጹም ቅጣት ምት ለቀያዮቹ።"

ከኮሪደሩ የጩኸት ማዕበል መጣ። ቀያዮቹ ዋንጫ ካነሡ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሹፌሩ በሁለት እጁ የአልጋውን ብረት ጨብጧል፤ የክንዱ ጅማቶች ተገትረዋል።

"ዝጊው" አለ።

"ምን?"

"ዝጊው አልኩሽ! እሱ ከነገረኝ እነሳለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ውጪ ሄደሽ ስሚና መጥተሽ ንገሪኝ። ሂጂ፣ ሂጂ!"

"እንዴ፣ እኔስ?" አሉ ሽማግሌው። ወዲያው ግን እግራቸውን ከአልጋ አወረዱ። "ያዢኝ ልጄ። ያዢኝና እንውጣ።"

ሬዲዮውን በአንድ እጇ፣ ሽማግሌውን በሌላኛው ይዛ ወጣች፤ በሩንም በእግሯ ዘጋችው። ኮሪደሩ መስኮት ሥር ቆሙ። ከየክፍሉ ወሬ፣ ጸሎት፣ ፉጨት ይሰማል። ሬዲዮውን በሁለቱ ጆሮ መሐል ያዘችው። መዝገብ ቤት ምንም አላስቀረም፦ ልጁ ስንት እርምጃ እንዳፈገፈገ፣ በረኛው እጁን እንዴት እንደዘረጋ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ። ከዚያ ምቱን ተናገረ። ቀያዮቹ አገቡ። ዳኛውም የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ።

ኮሪደሩ ተናወጠ። ከፊሉ በደስታ ይጮኻል፣ ከፊሉ በንዴት፤ የማን የማን እንደሆነ አይለይም። ሴትዮዋ ሳታውቀው ሽማግሌውን አቅፋ ዘለለች፤ ወዲያው ደንግጣ ለቀቀቻቸው።

"ይቅርታ አባባ! የእርስዎዎቹ እኮ ናቸው የተሸነፉት..."

"ተይው፣ ተሸነፍን" አሉ ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው። "አንቺ ግን እንደዚህ እየዘለልሽ እንዳትገቢ። ልጁን ታስነሺዋለሽ። ቀስ ብለሽ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ።"

ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆመች። ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ በመዳፏ ጠረገችው፤ ተመልሶ መጣ፤ እንደገና ጠረገችው። እንደ ባቡሩ ብትጮኽ ደስ ይላት ነበር። ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችውና ገባች።

"ምን ሆነ? ምንድን ነው ጩኸቱ? ተናገሪ!"

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ከዚያ በጀርባዋ ተንጋልላ ጭንቅላቷን ልክ ከፊቱ ሥር፣ ሜዳው መሐል አደረገች። በደህነኛው ዓይኑ ቁልቁል አያት። እሷ አንዱን ጡብ በጣቷ ነካች።

"ኳሷ እዚህ ናት" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ከፋይል ላይ እንደሚያነብ ሰው። "ዘጠና አራተኛው ደቂቃ። መቺው ሰባት ቁጥር ነው። አምስት እርምጃ አፈግፍጓል። ነፋሱ ከግራ ነው።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ገባ ወይ?"

"በረኛው ሁለት እጁን ዘርግቷል። ልጁ ቆም ብሏል። አሁን መጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መትቷታል። በረኛው ወደዚህ ወደቀ። ኳሷ በዚህ በኩል ሄደች።"

"እሺ..."

"መረብ ውስጥ ናት። ቀያዮቹ ሁለት፣ ነጫጮቹ አንድ። ጨዋታው አልቋል። ዋንጫው የእናንተ ነው። አትነሳ።"

ሹፌሩ አልተነሣም። የአልጋውን ብረት እንደጨበጠ፣ አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ፣ ድምፅ ሳያወጣ ሳቀ፤ አልጋው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ረቡዕ ዕለት ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ ዓይኑን ሲመረምረው ሽፋኗ ቦታዋ ላይ ነበረች።