የእንግዳ ጎደሬ

ፉአቲኖ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጎደሬ ስታዳቅል ኖራ፣ በመጨረሻ ጎደሬን ከአንደኛነት ያወረደችው ራሷ ናት። ነገሩን ከሚያውቁት ግማሾቹ ጨዋ ሴት ናት ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ትንሽ ነካ ያደርጋታል ይላሉ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የሳሞአ ዋና ከተማ አፒያ፣ የምትሠራበት የግብርና ምርምር ጣቢያ ዳይሬክተር ሴኡሊ ቢሮ ውስጥ ነው። ሴኡሊ ሰፊ ሰው ነው፤ የተቀመጠበት ወንበር ከእሱ ጋር አብሮ ያረጀ ስለሆነ ሁለቱ ሲንቀሳቀሱ ከኮሪደር ይሰማል።

«አገር አቀፍ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ዕቅድ» አላት ወረቀቱን ወደ እሷ እየገፋ። «የአሥር ዓመት። ስድስት ሳምንት አለሽ።»

«ለአሥር ዓመቱ ስድስት ሳምንት?»

«አምስት ነበር። ለምኜ ነው።»

ዕቅዱ ሰንጠረዥ ነበረው። ሰብሎቹ ለሕዝቡ ምግብ ባላቸው ጥቅም ነጥብ ተሰጥቷቸው ይደረደራሉ። ጣቢያው በጠርሙስ ችግኝ የሚያሳድግበት ክፍል አንድ ብቻ ስለሆነ ከሁለት ሰብል በላይ አይችልም። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ይሠራባቸዋል፤ ሦስተኛው «ወደፊት የሚታይ» ተብሎ ይጻፋል። ወደፊት የሚታይ የተባለ ነገር ታይቶ አያውቅም።

ፉአቲኖ ሰንጠረዡን በዚያው ዕለት ከምሳ በፊት ሞላችው። ጎደሬ አንደኛ። ለዚህ ማሰብም አላስፈለጋትም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች የቅጠል በሽታ ገብቶ የሳሞአን ጎደሬ በጥቂት ወራት ጠራርጎ ሲወስደው አይታለች። አባቷ እርሻው ዳር ቆሞ ዋለ። እናቷ ስታናግረው «እሺ» ብቻ ነበር የሚለው፤ ምን እንደጠየቀችው እንኳ አልሰማም። ፉአቲኖ የተማረችው ለዚሁ ነው። በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ከእሷ በፊት የነበሩት አውጥተዋል፤ እሷ ደግሞ በሽታው ነገ ጠባዩን ቢለውጥ የሚተኩ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አዳዲስ ጎደሬዎች አዳቅላ ከጣቢያው ጀርባ ተክላለች። እያንዳንዳቸውን በቁጥር ታውቃቸዋለች። ሰማንያ ስምንትን ከሌሎቹ አብልጣ ትወዳለች፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ለተመራማሪ ነውር ነው።

ሴኡሊ ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «አራተኛው ገጽ ባዶ ነው።»

«የሕዝብ ድምፅ የሚለው ነው። ሕዝቡን ገና አልጠየቅሁም።»

«ጎደሬ ነው የሚሉሽ። ቢሆንም ሄደሽ ጠይቂያቸው፤ ሚኒስቴር ያሉት ፎቶግራፍ ይፈልጋሉ።»

በማግስቱ በጀልባ ወደ ሳቫኢ ደሴት ተሻገረች። የመጀመሪያው መንደር ማታዮች፣ ማለትም የየቤተሰቡ አለቆች፣ ግድግዳ በሌለው የመሰብሰቢያ ቤት ውስጥ እያንዳንዳቸው በየምሰሷቸው ሥር እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ጠበቋት። በመንደሩ ስም የሚናገረው ማሎአቫ ነበር፤ ስድሳ አምስት የሞላው፣ የአፈ ጉባኤነት ምልክት የሆነውን የዝንብ ጭራውን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ ሲናገር ዶሮዎች እንኳ ዝም የሚሉለት ሰው።

«ጎደሬ የሌለበት ድግስ ስብሰባ ነው» አለ። «ጎደሬ የሌለው አለቃ ደግሞ ምሰሶ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ነው። ጻፊ ልጄ፤ አንደኛ ጎደሬ፣ ሁለተኛም ጎደሬ።»

ሌሎቹ አሥር ማታዮች ተራ በተራ ያንኑ አሉ። ፉአቲኖ አሥራ አንድ ጊዜ ጎደሬ ብላ ጻፈች። ፎቶግራፍም ተነሡ። ከዚያ ምሳ ቀረበ፤ በጋለ ድንጋይ የበሰለ ጎደሬ፣ አሳማ፣ በኮኮናት ወተት የራሰ የጎደሬ ቅጠል። ጥሩ አድርጋ በላች። ሥራዋ ያለቀ መስሏት ነበር።

እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ዞር ስትል ማብሰያው ቤት ደጃፍ ላይ የማሎአቫን ሚስት ቫኢቶአን አገኘቻት። የመንደሩ ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናት፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ሰው ሲያያት ዓይኗን የማትሰብር። እሳቱ ላይ አንድ ትልቅ ድስት ተጥዷል፤ ስድስት የልጅ ልጆች ከበውታል።

«ምንድነው የሚበስለው፣ እማማ?»

«ውኃ» አለች ቫኢቶአ ክዳኑን በእጇ ይዛ።

«ውኃ እንዲህ አይሸትም።»

«አንቺ መንግሥት ነሽ ወይስ ጎረቤት?» ብላ ሳቀችና ክዳኑን አነሣችው። ያልበሰለ አረንጓዴ ሙዝ ነበር፤ ያውም ጣት የማያክል፣ ቀጭን።

«ጎደሬውስ?»

«ጎደሬውማ አንቺ በላሽው። የተረፈው ለፓስተሩ ነው፤ ሌላው ገበያ ይወርዳል፤ ባሕር ማዶ አውክላንድ ላሉት ዘመዶችም ይላካል።»

«እናንተ መቼ ትበላላችሁ?»

«እሁድ። ከደረሰን።» ዝቅ ብላ እሳቱን ቆሰቆሰችው። «ሙዙም ቢሆን ድሮ እንዲህ አልነበረም። ነይ ላሳይሽ።»

ጓሮው ውስጥ ሠላሳ የሚሆን የሙዝ ተክል ቆሟል። ቅጠሎቹ ወደ ላይ ተሰብስበው፣ ተጨማድደው፣ ጠርዛቸው ገርጥቷል። «ጡጫ ጨበጠ እንላለን እኛ» አለች። «ጡጫ የጨበጠ ሙዝ አያፈራም። ነቅለን ከጎረቤት ሙዝ ሥር የበቀለ ቡቃያ አምጥተን እንተክላለን፤ እሱም ይጨብጣል።»

ፉአቲኖ በሽታውን ገና ስታየው አወቀችው። ቫይረስ ነው፤ ክሽክሽ የሚባሉት ጥቃቅን ነፍሳት ያዛምቱታል፤ ከታመመ እናት የተወሰደ ቡቃያም ታሞ ነው የሚወለደው። መድኃኒት የለውም። ግን ጤናማነቱ ከተመረመረ ተክል ጥቂት ሥጋ ቆርጦ በጠርሙስ ማባዛት ይቻላል። የጣቢያው አንድ ክፍል ይበቃዋል። አስቸጋሪ ምርምር አይደለም፤ ማንንም ዝነኛ አያደርግም። እስካሁን ያልተሠራው ማንም ስላልጠየቀ ነው።

«ይህን ለምን ስብሰባው ላይ አልተናገራችሁም?»

«ማሎአቫ ሚኒስቴር ፊት ‹እኛ ቤት የሚበላው ሙዝ ነው› ይበል?» ቫኢቶአ ከልቧ ተገርማ አየቻት። «በይ ልጄ፣ ይሄንን እንዳትጽፊው። አፍሮ ይሞታል።»

«ስም አልጽፍም።»

ከዚያ በኋላ ፉአቲኖ በስምንት ሌሎች መንደሮች ዞረች። ማታዮቹ ጎደሬ ሲሏት ጎደሬ ብላ ጻፈች፤ ከዚያ እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ሄደች። እጇ በሕይወቷ እንደዚያ ሰሞን ጸድቶ አያውቅም። ስልሳ ሦስት ድስት ከፍታ አየች። በሃምሳ አንዱ ውስጥ የነበረው ሙዝ ወይም የዳቦ ፍሬ የሚሉት፣ እንደ ድንች የሚበላ የዛፍ ፍሬ ነው።

ወደ ቤቷ ተመልሳ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰንጠረዡን እንደገና ሠራችው። ሙዝ አንደኛ ወጣ፣ የዳቦ ፍሬ ሁለተኛ። ጎደሬ ሦስተኛ። የተሳሳተች መስሏት እንደገና ደመረችው፤ ከዚያ ትክክል መሆኑን እያወቀች ሦስት ጊዜ ደገመችው። ምሳ ሳትበላ ዋለች።

ሴኡሊ ሲያየው ወንበሩ ጮኸ። «ሦስተኛ? የማንን ሥራ እንደቆረጥሽ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ሁለት መቶ ምናምን ተክል አለሽ!»

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።»

«የጎደሬን ነጥብ ትንሽ ከፍ አድርጊው። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። ስልሳ ሦስት ሴቶችም ያውቃሉ።»

ሴኡሊ ወረቀቱን አጥፎ ወደ እሷ መለሰው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሚኒስትሩ ፊት ቆሞ ሙዝ ማለት ግን አሳፈረው። «አንቺው ታቀርቢዋለሽ» አለ በመጨረሻ።

ዕቅዱ የቀረበ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የገበሬዎች ተወካይ ተብሎ የተጋበዘው ማሎአቫ ነው። ፉአቲኖ ስታየው ስም አልጽፍም ብላ ለሚስቱ የገባችው ቃል ትዝ አላት። ቫኢቶአም ለገበያ አብራው መጥታ ኖሮ የኋላ ወንበር ላይ ዘንቢሏን አቅፋ ተቀምጣለች።

ፉአቲኖ የማንንም ስም ሳትጠራ ስለ ድስቶቹ ተናገረች። ስትጨርስ ሚኒስትሩ ወደ ማሎአቫ ዞሩ። «ክቡር ማሎአቫ፣ ልጅቷ የሕዝቡ ምግብ ሙዝ ነው ትላለች። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ማሎአቫ ተነሥቶ ጭራውን ትከሻው ላይ አደረገ። በቅድሚያ የተሰበሰቡትን ሁሉ በየማዕረጋቸው አመሰገነ፤ ይኸው ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ስለ ጎደሬ ክብር ተናገረ። ሴኡሊ ፊቱ መብራት ጀመረ። ፉአቲኖ የጫማዋን አፍንጫ ታያለች።

«ጎደሬ የእንግዳ ነው» አለ ማሎአቫ በመጨረሻ። «መንግሥት ወደ መንደራችን መጥቶ የሚያውቀው እንግዳ ሆኖ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ያየው ጎደሬ ነው። መንግሥት ተሳስቷል አልልም፤ በደንብ ተስተናግዷል።»

ብሎ ተቀመጠ። መጀመሪያ ሚኒስትሩ ሳቁ፤ ሚኒስትሩ ከሳቁ በኋላ አዳራሹም ሳቀ። ቫኢቶአ ብቻ አልሳቀችም፤ ባሏን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየችው ሁሉ ትክ ብላ ታየው ነበር። ዕቅዱ ያለ ለውጥ ጸደቀ።

ፉአቲኖ ያሸነፈች ሰው ደስታ አልተሰማትም። በሩ ላይ ሰው እየጨበጣት «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲላት፣ አመስግና ወደ ጣቢያው ጀርባ፣ ወደ ጎደሬዎቿ ሄደች።

በሚቀጥለው ወር ከጣቢያው ጀርባ ያለው መሬት ለሙዝ እናት ተክሎች ተፈለገ። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ጎደሬዎች አሥራ ስምንቱን መርጣ እናቷ ጓሮ ተከለቻቸው። የቀሩትን ከሠራተኞቹ ጋር ሆና በእጇ ነቀለቻቸው። መጣል ነውር ስለሆነ ሁሉም እየተሸከመ ወደ ቤቱ ወሰደ። የዘጠኝ ዓመት ምርምር በአንድ ሳምንት ተበላ። የጣቢያው ጥበቃ ቁጥር አንድ መቶ አርባ ሦስት ትንሽ ውኃ ያዘለ ነው ብሎ አስተያየት ሰጠ፤ እሷም ልማዷ ነውና መዘገበችው። ሰማንያ ስምንት ከአሥራ ስምንቱ አንዱ ነበር፤ ለምን እንደመረጠችው የጠየቃት የለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከጠርሙስ የወጡት የሙዝ ችግኞች ወደ መንደሮቹ ተላኩ። ለቫኢቶአ መንደር ሦስት መቶ ደረሰ። አርባውን አሳማ ቆፈረው፤ የቀረው ቅጠሉን ዘርግቶ አደገ፤ የተጨማደደ አልታየም። ያፈራ ሰሞን ቫኢቶአ ስልክ ደወለች።

«ልጄ፣ ሙዙ በዛ።»

«እሰይ! ልጆቹስ?»

«ልጆቹ ሰለቻቸው። ጎደሬ አምጪ እያሉ ያለቅሳሉ።»

ፉአቲኖ ስልኩን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ቶሎ አላቆመም። ቫኢቶአም ወዲያ ማዶ ሆና አብራት ሳቀች። ከዚያ እናቷ ጓሮ ካሉት ጎደሬዎች ትንሽ ልትልክላት ቃል ገብታ፣ የጠርሙሶቹ መደርደሪያ እየጠበቃት ስለነበር ስልኩን ዘጋችው።