የምርቃት ወንበር

ጠሂራ በአውሮፕላን አስመራ መመላለስ ከጀመረች ስንት ዓመት እንደሆናት የጠየቃት ሰው «አንተ የአውሮፕላን ድምፅ ሰምተህ ልታይ ከቤት መሮጥ ሳትጀምር ነው» ተብሎ አፍሮ ይመለሳል። ያን ጊዜ የአስመራ የመኪና መንገድ በጦርነቱ ምክንያት ለነጋዴ አልሆን ብሎ ስለነበር፣ የሸማ ተራዋ ጠሂራ ነጠላና ጋቢዋን አስጭና መብረር ግድ ሆነባት። ለፋሲካ ትሄዳለች፣ ለአረፋ ትሄዳለች፣ የሠርግ ሰሞን ሲደርስማ አትያዝም። መርካቶ ውስጥ ደፋር ሴት ነጋዴ ሞልቷል፤ ቦሌ ያሉት ፈታሾች ሳይቀሩ በስም የሚጠሩት ግን እሷን ነበር።

ታዲያ ይቺ ወንዱን ሁሉ በዋጋ የምታስጨንቅ ሴት አንድ ጉድ ነበረባት። አውሮፕላን ትፈራለች። ፍርሃትም አይደለ፣ ሞት ነው እንጂ! ገና ሞተሩ ሲጮህ ዓይኗን ጥርቅም አድርጋ ትጨፍናለች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች፣ የምታውቀውን ዱዓ አንድ በአንድ ትደረድራለች። ጎማው የአስመራን መሬት እስኪነካ ድረስ ቢጠሯትም አትሰማ። ያን ሁሉ ዓመት ስትበር፣ ወላሂ፣ አንዲት ቀን እንኳ በመስኮት ወደ ታች አላየችም። ይህን ከአላህና ከራሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ባሏ እንድሪስ ምን አለሽ ተራ አሮጌ በርሜል እየቀጠቀጠ የከሰል ምድጃ የሚሠራ ሰው ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ ከሐይቅ ከተማ፣ ለከተማዋ ስሟን ከሰጠቻት ውሃ ዳር የመጣ። ልጅ ሳለ ውሃው ዳር ቆሞ አውሮፕላን ሲያልፍ አንጋጦ ያያል፤ «እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ሐይቃችንን ሲያያት ምን ትመስለው ይሆን?» ይላል። ጎልምሶም፣ ወልዶም፣ ፂሙ ሸብቶም ይቺ ጥያቄ አልለቀቀችውም። ሐይቅስ በአውቶቡስ ይደረሳል፣ ዘመድ ሊጠይቅም ስንት ጊዜ ሄዷል። እሱ የፈለገው ከላይ ሆኖ ማየት ነው። ግን የምድጃ ሠሪ ኪስና የአውሮፕላን ትኬት የት ተዋውቀው!

ስለዚህ ጠሂራ ከአስመራ በተመለሰች ቁጥር ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ሐይቅን አየሻት?» ይላታል። ምን ትበለው? ያንን የጓጓ ፊት እያየች «ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሄድኩት» ትበለው? «አየኋት!» አለችው የመጀመሪያ ቀን። በሌላው ጉዞ «ዛሬማ ስታበራ ነበር» አለች። በሌላው ጀልባ ጨመረችበት። ቆየት ብላ ደግሞ ጀልባው ላይ ያለው ሰውዬ እጁን አውለበለበላት። እንድሪስ ይህን ሁሉ ተሸክሞ በማግስቱ ምን አለሽ ተራ ይወርድና መዶሻውን አስቀምጦ ይተርካል። የሰው ወሬ ላይ እንከን ማውጣት ሥራው የሆነው ጎረቤቱ አብደላ እንኳ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል።

አንድ ቀን ግን አብደላ ከምን እንደተነሳ እንጃ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «አቦ እንድሪስ፣ ሚስትህ አየች፣ እሺ። አንተ ምን አየህ? በሰው ዓይን ስታይ ልታረጅ ነው እኮ!» አለው። ተራው በሳቅ ፈረሰ። እንድሪስም አብሮ ሳቀ። በዚያው ሰሞን ጠሂራ ከአስመራ ስትመለስ ግን ሻንጣዋን ተቀብሏት፣ «እንኳን በሰላም መጣሽ» ብሏት ሻንጣውን ሊያስቀምጥ ገባ። ስለ ሐይቅ አልጠየቃትም። ጠሂራ ውሸቷን አዘጋጅታ ስትጠብቅ ጥያቄው ሳይመጣ ቢቀር፣ ይሄ ሰውዬ ተስፋ ቆረጠ ማለት ነው ብላ ከልቧ አዘነች።

መፍትሔው ሳታስበው ከጎረቤት መጣ። ሱቋ ከጠሂራ ሱቅ ጋር የተያያዘው ሸዋርካብሽ፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወንድም አላትና፣ «እትዬ ጠሂራ፣ ሰማሽ? ውጭ አገር እኮ አውሮፕላን ላዘወተረ ሰው የሄደበትን መንገድ ደማምረው ነጻ ትኬት ይሰጡታል አሉ» አለቻት።

«ምርቃት ነዋ!» አለች ጠሂራ፤ እጇ ላይ የነበረውን ጋቢ አስቀመጠች። «እኛስ ሦስት ነጠላ ለገዛ ሰው አንዲት ሻሽ እንመርቅለት የለ? ሽንኩርት ሻጯስ ላዩ ላይ ጣል ታደርግ የለ? ታዲያ እኔን እስከዛሬ ማን መረቀኝ?»

ብላ ብትፎክርም የዚያን ቀን ሥራ አልተያዘላትም። እንድሪስ አውሮፕላን ላይ ወጣ ማለት አጠገቧ ተቀመጠ ማለት ነው። አጠገቧ ተቀመጠ ማለት ጉዷን አየ ማለት ነው። ያ ሁሉ ጀልባ፣ ያ ሁሉ እጅ የሚያውለበልብ ሰው ሊበተን ነው። ባሏ በዓለም ላይ ያመነው ሰው ቢኖር እሷን ነው፤ ቀጣፊ ሆና መገኘቷ ነው። ከዚያ ደግሞ ያ መጠየቅ የተወ ፊቱ ትዝ ይላታል። በመጨረሻ «የራሱ ጉዳይ! ይወቅብኝና ሐይቅን ይያት» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ትኬት ቢሮ ገሰገሰች።

«እትዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር እኛ ጋ የለም» አለቻት ትኬት ቆራጯ ልጅ።

«ውጭ አገር አለ።»

«ይሄ እኮ ውጭ አገር አይደለም።»

«አውሮፕላኑስ? እሱም እዚሁ ነው የተሠራው?»

ልጅቷ ኃላፊዋን ጠራች። አቶ ኃይለየሱስ የሚባሉ፣ መነጽር ያደረጉ ረጋ ያሉ ሰው ወጡ። ጠሂራ «ጓድ ልበልዎት ጋሼ ልበልዎት አላውቅም፤ ጋሼ ይሻለኛል» ብላ ጀመረች። የደንበኝነቷን ዘመን ነገረቻቸው። በነጠላ ቁራጭ ያሰረችውን የድሮ ትኬት ጉራጅ ዘረገፈችላቸው። አቶ ኃይለየሱስም አዩና «ለባልሽ በግማሽ ዋጋ ላደርግልሽ እችላለሁ» አሉ።

«ጋሼ፣ ምርቃት በግማሽ ሲሸጥ የት አይተዋል? የተሸጠማ ንግድ ነው።»

«ታዲያ በነጻ ማሳፈር እንዴት ይሆናል?»

«ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት አውሮፕላኑ ግማሹ ባዶ ነው። እኔ እኮ ውስጡ ነኝ፣ አያለሁ» አለች። ዓይኗን ጨፍና ምኑን እንዳየች እሷው ታውቃለች። «እኛ መርካቶ ሲመሽ የተረፈ ቲማቲም ለደንበኛ ይመረቃል እንጂ አቅፈነው አናድርም። እናንተ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ያቺን ባዶ ወንበር ለማን ልትሸጧት ነው? ለአሞራ?»

አቶ ኃይለየሱስ ሳቃቸው ሲያመልጣቸው መነጽራቸውን አወለቁ። እንደ መሐላ ያለ ቃል አስገቧት፤ የራሷን ሙሉ ዋጋ ከፍላ፣ ከበዓሉ በኋላ፣ ባሏ በምርቃት አብሯት ይሄዳል። «ለሰው ግን እንዳታወሪ» አሏት። «ወላሂ አላወራም!» አለች። ሱቋ ሳትደርስ ግማሽ ሸማ ተራ ሰምቷል።

እንድሪስ ሲነገረው መዶሻውን እንደያዘ ቀረ። «አትቀልጂ» አለ። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው በርሜሉ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በጥላሸት እጁ ሸፈነ፤ ምድረ ምን አለሽ ተራ መጥቶ እስኪጨብጠው ድረስ ከዚያ አልተነሳም። አብደላም መጣ፤ «አቦ፣ ያን ስድቤን ይቅር በለኝ» ብሎ ሳመው። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀቱ ተጻፈ፣ የአረፋ ኮቱ ተተኮሰ፣ ቀኑ ደረሰ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሰው ያገኘው ቦታ ነው የሚቀመጠው። እንድሪስ ቀድሞ ገባና መካከል ላይ ቆሞ «በየት በኩል ነው ሐይቅ የምትታየው?» አላት።

«በግራ» አለች ጠሂራ፣ አፏ እንዳመጣላት።

«ወደ ሰሜን እኮ ነው የምንሄደው። በቀኝ መሆን አልነበረባትም?»

«አውሮፕላንን ከአውቶቡስ ጋር አታምታታብኝ፤ ዞሮ ነው የሚሄደው» ብላ ገሠጸችው። እሱም የተወለደበትን አገር አቅጣጫ ትቶ ሚስቱን አመነና በግራ በኩል መስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

ጠሂራ ዛሬ ዓይኔን አልጨፍንም ብላ ለራሷ ምላ ነበር። ሞተሩ ሲጮህ መሐላው ወዴት እንደሄደ እንጃ፤ ነጠላዋ ፊቷ ላይ ነው፣ እጇ የእንድሪስን ክንድ ጨምድዷል። እሱ ደግሞ እንደ ሕፃን ሆኗል። «ወይኔ! እንጦጦ! ኧረ ቤቶቹ ክብሪት አከሉ!» ይላል። የያዘችውን ክንዱን ልብ አላለም። ደመናው ተገልጦ፣ ተራራና ገደሉ ሲያልፍ ቆይቶ፣ እንድሪስ ግንባሩን መስኮቱ ላይ እንደ ለጠፈ፣ በቀኝ በኩል የተቀመጡ አንድ ሸበቶ አምሳ አለቃ «ያቻት ሐይቅ!» ብለው ጮኹ።

እንድሪስ ዞረ። «ወዴት?»

«በዚህ፣ በቀኝ ነዋ! ና እይ!»

«ጠሂራ፣ በግራ አላልሽኝም?» አለና ወደ ሚስቱ ተመለሰ። ነጠላ የለበሰ ፊት አየ። ነጠላውን ገለጥ አደረገው። ዓይኗ እንደተከደነ ነው፣ ግንባሯ ላብ ብቻ።

«እኔ ምኑን አውቄ?» አለች ጠሂራ። «አይቻት አላውቅም እንድሪስ። አንድም ቀን አላየኋትም። ይሄው እንዲህ ሆኜ ነው የምሄደው።»

«ጀልባውስ?»

«ጀልባም የለም።»

«እጁን ያውለበለበልሽ ሰውዬስ?»

«አፉ በለኝ፣ በአላህ።»

የእንድሪስ ፊት ቀላ። ያ ሁሉ ሰው ፊት የተረከው ታወሰውና ደሙ ፈላ። ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ግን ክንዱን የጨመደደው እጇ ተሰማው። ጥፍሯ ኮቱን አልፎ ገብቷል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ?» አላት።

«ሁልጊዜ።»

«ስትመለሺም?»

«ስመለስም።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ብነግርህ አትሂጂ ትለኛለሃ! ባልሄድ ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው?»

እንድሪስ ቁጣው የት እንደገባ አላወቀም። ይቺ ሴት ቤቱን ያቆመችው በየጉዞው እየሞተች ነው፤ እሱ ደግሞ ጫማዋን ሳታወልቅ ስለ ውሃ ይጠይቃታል። አምሳ አለቃው «ኧረ ሊያልፍህ ነው ሰውዬ!» ብለው ሲጣሩ ሊነሳ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ጭምድድ ያደረገውን እጇን አየና መልሶ ተቀመጠ።

«ይቅርብኝ» አለ። «ሐይቅን አውቃታለሁ፣ ያደግሁባት ናት። ያላወቅሁት አንቺን ነው።»

ጠሂራ ይህን ስትሰማ ልቧ ቅቤ ሆነ። ወዲያው ደግሞ ነጋዴነቷ ተነሳባት። «ምን? ይቅርብኝ? ያን ሁሉ ተከራክሬ ያመጣሁትን ምርቃት ሜዳ ላይ ልትጥልብኝ?» አለችና ዓይኗን ከፈተች። «ቢስሚላህ» ብላ ተነሳች። በኮቱ እጅጌ እየጎተተች መተላለፊያውን አሻገረችው። አስተናጋጇ «እትዬ፣ ኧረ ይቀመጡ!» ብትል ማን ሰምቷት። አምሳ አለቃው ወደኋላ ተለጥጠው ቦታ ለቀቁ፤ ባልና ሚስት በሰውዬው ጭን ላይ ተደፍተው መስኮቱን ሞሉት።

ሐይቅ ከሩቅ፣ ከተራሮቹ መሐል፣ ሰማያዊ ሆና ተኝታለች። በመዳፍ ትሸፈናለች። የእንድሪስ እንባ በፂሙ ላይ ወረደ። ጠሂራ ታች ካየች አውሮፕላኑ የሚወድቅ ይመስላት ነበር፣ አየች፣ አልወደቀም።

«ይቺው ናት?» አለች።

«ይቺው ናት።»

«ትንሽ ናት እኮ!»

«አይ ጠሂራ» አለ እንድሪስ፣ እያለቀሰ እየሳቀ፣ «አንቺ አሳደግሻት እንጂ ድሮም ይቺው ናት።»

«ቤታችሁስ በየት በኩል ነበር?» አለችው። እሱ በጣቱ መስታወቱን እየነካ ሲያሳያት፣ እሷ የአምሳ አለቃውን ትከሻ ሙጭጭ አድርጋ እንደያዘች፣ ሐይቅ ከክንፉ ሥር ገብታ እስክትጠፋ ድረስ ዓይኗን አልጨፈነችም።