የሹንሳኩ ታርጋ

የፊተኛው ታርጋ ሁለተኛ ብሎን አልፈታ አለ። ሞሪዎ ካቻቢቴውን አንሥቶ ጫፉን በጨርቅ ጠረገና ብሎኑ ላይ ዘይት ጠብ አደረገበት። ከዚያ ሰዓቱን አየ። ዘይት ዝገት ውስጥ ሰርጎ እስኪገባ አሥር ደቂቃ ይፈልጋል፤ የሚቸኩል ሰው የብሎኑን ራስ ይልጠዋል። ሞሪዎ በስድሳ ስምንት ዓመት ዕድሜው የአንድም ብሎን ራስ ልጦ አያውቅም።

መኪናዋ የእሱ አይደለችም። የጓደኛው የሹንሳኩ ናት፤ የቆመችውም በሹንሳኩ የሩዝ መጋዘን ውስጥ፣ በትራክተሩና በባዶ የሽንኩርት ሳጥኖች መካከል ነው። ነጭ ዳትሰን፣ ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላት። የግራ ፓራፋንጎዋ ተጋጭቶ በቤት ብሩሽ ተቀብቷል። የሾፌሩ ወንበር ስለተቀደደ ፎጣ ተነጥፎበታል። ከበሮቹ ሥር ያለው ዝገት ጣት ያስገባል። ሞሪዎ እነዚህን ጉድለቶች አንድ በአንድ በቃሉ ይዟቸዋል።

የእሱም መኪና ነጭ ዳትሰን ናት፤ ዓይነቷም፣ የተሠራችበት ዓመትም አንድ ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር ባዶ ቦዲዋን ብቻ ገዝቶ በጭነት መኪና አምጥቶ አሥራ አንድ ዓመት ሠራት። በሯ ከፓራፋንጎው ጋር የምትተወው ክፍተት ከላይ እስከ ታች አራት ሚሊሜትር ነው፤ አራት ተኩል አይደለም። በማርሽ ፋብሪካ የልኬት ክፍል ሠላሳ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው አራት ተኩልን አይታገሥም። የሞተሩ ክፍል ውስጥ ነጭ መሐረብ ቢያልፍ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ነገር ግን በሞሪዎ ታርጋ ላይ ከክፍለ ሀገሩ ስም ጎን 501 የሚል ቁጥር አለ። በሹንሳኩ ታርጋ ላይ ያለችው አንዲት 5 ብቻ ናት።

አንድ አሃዝ ብቻ ያለው ታርጋ ይሰጥ የነበረው ያኔ፣ የሹንሳኩ አባት መኪናዋን አዲስ ሲገዙ ነው። መኪናዋ ከክፍለ ሀገሩ እስካልወጣችና ከመዝገብ እስካልተሰረዘች ድረስ ታርጋው ከእሷ ጋር ይኖራል። አንዴ ከተመለሰ ግን ይጨፈለቃል፤ ያን ቁጥር ዳግመኛ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም። ፓራፋንጎ ይቀጠቀጣል፣ ካቡራቶር ይታደሳል፣ የጠፋ መብራት እስከ ሰሜን ጫፍ ተፈልጎ ይገኛል። ያቺ 5 ግን በእጅ አትሠራም። ሞሪዎን የሚበላውም ይህ ነበር። ሹንሳኩ ለዚያች ቁጥር ምንም አላደረገም፤ ከአባቱ ቤት አለመውጣቱ ብቻ በቃው።

የአሮጌ መኪና ባለቤቶች በየዓመቱ የሩዝ ተከላ ሲያልቅ ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለው ገበያ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ካሜራ ያነገተ ወጣት ከእጮኛው ጋር በቀጥታ ወደ ሞሪዎ መኪና መጣ። ሞሪዎ ኮፈኑን ከፈተና ስለ ቀለሙ ማስረዳት ጀመረ፤ ስንት ጊዜ እንደተቀባ፣ በመካከሉ ስንት ቀን እንደደረቀ። ወጣቱ በትሕትና አንገቱን ደፋ አደረገ።

“አባባ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ገለል ይሉልኛል? ከኋላዎ ያለችውን መኪና ታርጋ ላነሳ ነው።”

ሹንሳኩ “እመቤቲቱ” ከሚላት ከዚያችው መኪናው አጠገብ ተጣጣፊ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሩዝ ድቡልቡሉን ይገምጣል።

“ሞሪዎ! ጥላህን አንሣልኝ እንጂ” ብሎ ጮኸ። “እመቤቲቱ ፎቶ ልትነሣ ነው!”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሞሪዎም ሳቀ። ያ ሳቅ ግን እስካሁን ደረቱ ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክቶ አለ።

በየካቲት ሹንሳኩ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በረዶ ሲጠርግ ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። ናጎያ የምትሠራው ልጁ ቺዙሩ ደግሞ ባለፈው ማክሰኞ ለሞሪዎ ደወለች።

“ጋሼ ሞሪዎ፣ ከሥራ አቋረጥኩዎት?”

“ጡረተኛ ምን ሥራ አለው ብለሽ ነው? ጠይቂ።”

“የአባባ መኪና ነገር ነው። ሐኪሙ ቢያንስ ዓመት አይነዳም ብሏል፤ ቦሎዋም ሊያልቅ ነው። መንገድ ትራንስፖርት ስጠይቅ፣ መጋቢት ሳያልቅ ታርጋውን መልሰን ለጊዜው ከመዝገብ ካስወጣናት የዘንድሮ ግብር ይቀርላችኋል አሉኝ። ሲሻለው መልሶ ያስመዘግባታል።”

“አዎ፣ እንደዚያ ይደረጋል።”

“ጉዳት የለውም አይደል? እኔ ከመኪና የማውቀው በር መክፈት ብቻ ነው። ተመልሳ መንገድ ላይ ትወጣለች?”

ሞሪዎ ቃላቱን ለካ።

“መኪናዋ ትወጣለች” አላት።

“እፎይ! እርስዎ ካሉ በቃ። ለአባባ አልነገርኩትም፤ ስለ እሷ ሲነሣ ደም ግፊቱ ይጨምራል። ውክልናውን ከሆስፒታል ወረቀቶች ጋር ቀላቅዬ አስፈርሜዋለሁ። በፖስታ ብልክልዎት ታርጋውን ፈትተው ይመልሱልኛል?”

“እመልስልሻለሁ።”

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ያለውን ቃል በቃል መረመረው። ስሕተት አልነበረበትም። የተጠየቀው ስለ መኪናዋ ነው፤ የመለሰውም ስለ መኪናዋ ነው። ስለ ቁጥሩ የጠየቀው የለም።

ያን ዕለት እራት እንደተበላ ሚስቱ ኪኑኤ ከኋላው መጥታ ቆመች።

“እያንጎራጎርክ ነው።”

“ማን? እኔ?”

“ሳህን ስታጥብ። ባለፈው ያንጎራጎርከው የዚያ የካናዛዋው ሰውዬ አሮጌ መኪና ማርሽ ሳጥን የተሰበረ ዕለት ነው።”

“ዘፈን ክልክል ሆነ እንዴ በዚህ ቤት?”

“ክልክልስ አይደለም። ማን ምን ደረሰበት ብዬ ነው።”

ሞሪዎ ማንጎራጎሩን አቆመ።

አሁን ሐሙስ ነው። ወረቀቱ ደርሷል፤ ነገ አርብ የወሩ የመጨረሻ የሥራ ቀን ነው። አሥር ደቂቃው ሞላ። ብሎኑ ትንሽ ጮኸና ተፈታ። ሞሪዎ የፊተኛውን ታርጋ ጋዜጣ ላይ አስተኛው፣ ሁለቱን ብሎኖች ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረና ወደ ኋላ ዞሮ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

የኋለኛው ታርጋ እንደ ፊተኛው አይደለም። በግራው ብሎን ላይ የክፍለ ሀገሩ ፊደል የታተመባት ትንሽ የአሉሚኒየም ቆብ አለች። የመንግሥት ማኅተም ናት። ብሎኑን ለመፍታት እሷን መብሳት ግድ ነው፤ አንዴ ከተበሳች ደግሞ የምትመለስ አይደለችም። ካቻቢቴውን አስተካክሎ ሲይዝ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ሹንሳኩ ነበር።

“የት ነህ አንተ?”

“አንተ መጋዘን” አለ ሞሪዎ፣ ሳያስብ።

“አውቄዋለሁ! እኔ ዳሌዬ ሳይጠገን እመቤቲቱን ልታማልል ሄድክ! ምን እያደረግህ ነው?”

ሞሪዎ ፊቱ ያለውን ጎማ አየ። “ጎማዋን እያየሁ ነው።”

“እስቲ አስነሣትና አሰማኝ። እዚህ የምሰማው የነርሶች ነጠላ ጫማና የጎረቤቴን ማንኮራፋት ነው።”

ሞሪዎ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። በሦስተኛው ሙከራ ተነሣች፤ መጋዘኑ በቤንዚን ሽታ ተሞላ። ስልኩን ወደ ጭስ ማውጫው አስጠጋና መልሶ ጆሮው ላይ አደረገው።

“ሰማህ?” አለ ሹንሳኩ። “ሰማህልኝ ስትዘፍን?”

“ሦስተኛው ሲሊንደር ይስታል። ካቡራቶሩም ቤንዚን ያበዛል። ይሄ ሳል እንጂ ዘፈን አይደለም።”

“ያንተዋማ አትስልም። እንደ ፍሪጅ ነው ድምፅዋ። ፍሪጅ ደግሞ ማን ፎቶ ያነሣል?”

“በቃ ላጥፋት?”

“አጥፋት፣ አጥፋት። ስማ፣ ሞሪዎ…”

“አቤት።”

“ሌላ ሰው እንዳይነካት። የመጋዘኑን ቁልፍ ላንተ ብቻ ነው የሰጠሁት፤ ለቺዙሩ እንኳ አልሰጠሁም። ብትቀናም እጅህ ንጹሕ ነው።”

“ማነው የሚቀናው?”

“እሺ፣ እሺ። እግሬን የምታሠራኝ የፊዚዮቴራፒዋ ልጅ መጣች፣ ልታሠቃየኝ ነው። ቻው!”

ሞሪዎ ተመልሶ ገብቶ ሞተሩን አጠፋ። ጆሮው ጋለ። ሹንሳኩ ያውቃል ማለት ነው። ዓመታት ሙሉ ደብቄዋለሁ ያለውን ነገር ሰውየው እያወቀ፣ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሩዙን ሲበላ ኖሯል። ወርዶ ወደ ኋላ ሄደ። በዚህ ጊዜ እጁ የበለጠ ቸኩሎ ነበር።

የካቻቢቴውን ጫፍ ማኅተሟ መካከል ላይ አቆመው። የሚቀጥለውን ስብሰባ በዓይነ ሕሊናው አየ፤ ሁለቱ ነጭ ዳትሰኖች ጎን ለጎን፣ ሁለቱም ባለ ሦስት አሃዝ። ካሜራ ያነገተው ወጣት ይመጣል። ሞሪዎ እንደ ልማዱ በትክክል ለማሰብ ሞከረ፤ ወጣቱ የት ይቆማል? የሹንሳኩ መኪና አጠገብ አይቆምም፤ ያ ጥሩ ነው። የእሱስ አጠገብ? እዚያም አልቆመም። ሁለቱንም በቀስታ አልፎ ሌላ አንድ አሃዝ ፍለጋ ወደ ሜዳው መጨረሻ ሄደ። ሞሪዎ ሥዕሉን ደግሞ ደጋግሞ አየው፤ ወጣቱን አንድም ጊዜ ሊያስቆመው አልቻለም።

ይህም ቢሆን ካቻቢቴውን አላስነሣውም። የሚገፋበትን ቦታ ለማየት የእጅ ባትሪውንና ሁልጊዜ ኪሱ የማትጠፋውን አጉሊ መነጽር አወጣ። ማኅተሟ ደብዝዛለች፤ በፊደሉ ጎድጓዳ ውስጥ የመንገድ አቧራ ጠቁሯል። ጭረት ግን የለባትም። ዙሪያዋን አየ፤ የመሣሪያ ጠባሳ የለም። የዛሬ ሃምሳ አምስት ዓመት አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከተጫናት ወዲህ በእሷ ላይ እጁን ያነሣ ሰው አልነበረም። የእሱ መኪና ላይ መሣሪያ ያልነካው አንድም ቦታ የለም። አሥራ አንድ ዓመት የደከመው ሳይነካ የቆየ ነገር ለማስመሰል ነው፤ እውነተኛው ይኸው ፊቱ ነበር፣ የመጀመሪያው ጭረት ደግሞ የእሱ ሊሆን ነው።

ፋብሪካው ውስጥ የተበላሸ ዕቃ በእሱ ፊርማ አልፎ አያውቅም። ማክሰኞ ዕለት አንድ አሳልፏል።

ካቻቢቴውን መሬት ላይ አስቀመጠና ደወለ። ቺዙሩ ቢሮዋ ውስጥ ነበረች፤ ከበስተጀርባዋ የኮምፒውተር ቁልፎች ይንጫጫሉ።

“ቺዙሩ፣ ነገ አልሄድም። ታርጋው ከተመለሰ ቁጥሩ ይጠፋል። መኪናዋ ስትመለስ የሚሰጧት ሌላ ነው። ይሄኛው አያትሽ ሲገዟት የተሰጠ ነው፤ ዛሬ በምንም አይገኝም።”

“ቁጥር? ለቁጥር ነው ይሄ ሁሉ?”

“ለአባትሽ ቁጥር ብቻ አይደለም።”

“ቆይ… አልጋው ራስጌ ፎቶ ለጥፏል። ታርጋው ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ደግሞ ያነሣው ሰው ካሜራ መያዝ አይችልም ብዬ ስቄበት ነበር። ወይኔ! አባባ ቢሰማ ኖሮ ሌላው ዳሌውም ይሰበር ነበር። በቃ ይቅር፣ ግብሩን እከፍላለሁ። ጋሼ፣ እንኳን በጊዜ ደረሱበት! ባለውለታዬ ነዎት።”

እዚህ ላይ ምንም አይደል ብሎ ስልኩን መዝጋት ይችል ነበር። አፉም ለዚያ ተከፍቶ ነበር።

“አሁን አይደለም የደረስኩበት” አለ። “ማክሰኞም አውቅ ነበር።”

የቁልፎቹ ድምፅ ቆመ።

“ታዲያ ስጠይቅዎት ለምን…?”

ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ ነበረው፤ ሁሉም በከፊል እውነት ነበሩ።

“ቀንቼ ነው።”

ቺዙሩ የተነፈሰችው አየር ስልኩ ውስጥ ተሰማ። ስትናገር ድምፅዋ የቢሮ ድምፅ ሆነ።

“ታርጋውን እንደነበረ መልሰው ይግጠሙልኝ። የመጋዘኑን ቁልፍ ደግሞ ጎረቤት ለወይዘሮ ሃራዳ ይተውልኝ፤ ቅዳሜ እመጣለሁ።”

“እሺ።”

“ለአባባ ግን… ባንነግረው ይሻላል መሰለኝ። ያውቁት የለ? ከሰማ ዕድሜ ልክዎን አይለቅዎትም።”

ሞሪዎ ይህን ከእሷ የበለጠ ያውቃል። ሹንሳኩ ወሬውን በምርኩዙ እያሳየ፣ ካቻቢቴው የት ላይ እንደቆመ እያመለከተ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ሲያወራው ታየው። በየዓመቱም ትንሽ ይጨምርበታል፤ ወሬው ቢለካ ልክ አይመጣም።

“እኔ ራሴ እነግረዋለሁ” አላት።

ስልኩን ዘግቶ የፊተኛውን ታርጋ ቦታው መለሰ። ሁለቱን ብሎኖች በጣቱ አስገብቶ እስኪይዙ አዞራቸው። ከማጥበቁ በፊት ግን ቀና አለና የሹንሳኩን ቁጥር ደወለ።