አሥራ አንድ ሽማግሌዎችና አንድ አውሮፕላን

እኔ ሙሳይዲዬ የምዌዚ አየር መንገድ የጭነት ሚዛን ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ማን የት እንደሚቀመጥና ሻንጣው የት እንደሚገባ እየወሰንኩ አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን እንዳያደላ መጠበቅ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆየሁ፤ የሚበር አውሮፕላን የነበረን ግን ቢደማመር ሦስት ዓመት ቢሆን ነው። የቀረውን ጊዜ ላም አለኝ በሰማይ እያልን አሳለፍነው።

ይህ የምነግራችሁ ነገር እስከሆነበት ቀን አየር መንገዳችን አራት ጊዜ ሞቶ ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን ቀለም ሊቀባ ባሕር ተሻግሮ ሄደና በዚያው ቀረ። ቀለሙ እስካሁን አልደረቀም መሰለኝ። ሁለተኛውን አንድ ሱፍ የለበሰ ባለሀብት አመጣለሁ ብሎ ፎቶግራፉን አመጣልን፤ ፎቶግራፉ ቢሯችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ያማረ አውሮፕላን ነው። ሦስተኛው በእርግጥ መጣ። ጎማው ሲፈነዳ ግን በልኩ የሚሆን ጎማ ስለጠፋ ሁለት ዓመት ሐሃያ አውሮፕላን ማረፊያ ዳር ቆመ፤ ፍየል ተጠለለበት፣ የጎረቤት ዶሮ ሞተሩ ውስጥ እንቁላል ጣለችበት። አራተኛውን አውሎ ነፋስ ወሰደው። እሱ እንኳ ቢያንስ በሰማይ ነው የሄደው።

አየር መንገዱ በሞተ ቁጥር የኔ ሰርግ አብሮ ይቀበር ነበር። ሙናዋራን በትንሹ ሰርግ ካገባኋት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖን፣ አምስት ልጆችም ወልደን ነበር። ንጋዚጃ ደሴት ላይ ግን ሙሉ ሰው የሚባለው ትልቁን ሰርግ ደግሶ አገሩን ያበላ ብቻ ነው። እኔ አልደገስኩም ነበር። ስለዚህ በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ ከነሽበቴ፣ ድግስ ላይ ከጎረምሶች ጋር ቆሜ እበላ ነበር፤ አደባባይ ላይም ትልልቆቹ ሲያወሩ አፌን ዘግቼ እሰማ ነበር። ነገሩ አንጀቴን ያቃጥለው ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

አምስተኛው አውሮፕላን በሐምሌ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ወንበር ያለው፣ በኪራይ የተገኘ ነው። ካፒቴን ንጄሪ የምትባል ኬንያዊት ይዛው መጣች። ፈቃድ እንዲሰጠን አንድ የሙከራ በረራ ወደ ንዙዋኒ ደሴት ማድረግ ነበረብን፤ ተቆጣጣሪው ሰዓቱን ይዞ ሜዳው ላይ ቆሟል። እስከ ስድስት ሰዓት ካልተነሣን ፈቃድ የለም፣ አውሮፕላኑም በማግስቱ ወደ ባለቤቶቹ ይመለሳል። ሰርጌ ሦስት ወር ቀርቶታል። ድግሱን የምከፍለው ከደመወዜ ስለሆነ፣ ሥራዬ ከሄደ ሰርጉም ሄደ ማለት ነው።

"ሰው ሙላበት" ተባልኩ። እኔም ጅሉ፣ ከሰርጌ በፊት ደስ ላሰኛቸው ብዬ የመንደራችንን አሥራ አንድ ሙሉ ሰዎች ጋበዝኩ። ካባቸውን ደርበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። አንዳቸውም ቀጭን አልነበሩም። በአደባባይም በመስጊድም ከፊት የሚቀመጡ ሰዎች ናቸውና ገብተው የፊት ወንበሮቹን ሞሏቸው። ከኋላ ሻንጣ እንኳ አልነበረም፤ ሻንጣቸውንም ጉልበታቸው ላይ አድርገውታል።

ንጄሪ ዞር ብላ አየቻቸው። "ሙሳይዲዬ! አፍንጫው ከብዷል። ስድስቱ ወደ መጨረሻ ካልሄዱልኝ ሞተር አላስነሣም።"

እጄን አጣምሬ ቆምኩ። "ክቡራን አባቶቼ፣ ለሚዛን ሲባል ስድስታችሁ ወደ ኋላ ብትሄዱልኝ..."

"ማነው የሚናገረው?" አሉ ከሁለተኛው ረድፍ ፉንዲ ካሪሂላ።

"የጭነት ሠራተኛው ነው" አሉ ከጎናቸው የተቀመጡት።

"ትልቁን ሰርግ ደግሷል?"

"አልደገሰም።"

"እንግዲያው ማንም አልተናገረም።"

አውሮፕላኑ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ነገሩ ጭራሽ ባሰ። አንደኛው፣ ዓምና የደገሰ ሰው እንዴት ከኔ ፊት ይቀመጣል ብለው ተነሡ። ፉንዲ ካሪሂላ ደግሞ ምርኩዛቸውን ወደ ካፒቴኗ ወንበር ቀሰሩ።

"ያቺ ልጅ ትነሣና እዚያ ልቀመጥ። እሱ ነው ዋናው ፊት።"

"ይምጡ አባቴ" አለች ንጄሪ። "መንዳት ይችላሉ?"

"አንቺ ትነጂያለሽ፣ እኔ እቀመጣለሁ።"

በመስኮት ሳይ ተቆጣጣሪው ሰዓቱን በጣቱ እየመታ ያሳየኛል። ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። 

ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ነፋሱ ከደቡብ ስለሚነፍስ አውሮፕላኑ ሊጋፈጠው ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሯል። መካ ደግሞ፣ ስንሰግድ ፊታችንን የምናዞርበት ቂብላ፣ ከኛ ወደ ሰሜን ነው።

"አባቶቼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ! መስጊድ ውስጥ የመጀመሪያው ረድፍ የቱ ነው?"

"ለቂብላ የቀረበው ነዋ! ይሄንን አታውቅም?"

"ታዲያ አሁን ቂብላ በየት በኩል ነው?"

ሁሉም አንገታቸውን አንድ ላይ ወደ ጭራው አዞሩ። ወዲያው ግፊያ ሆነ! ፉንዲ ካሪሂላ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ወንበር ዘለው አለፉ። ደስታዬ ግን አንድ ደቂቃም አልቆየም። አንድ አዛውንት አልተነሡም፤ የሁሉም ታላቅ የሆኑት ምባዬ ትራምብዌ። ሌሎቹ እሳቸውን ሲያዩ አንድ በአንድ ተመለሱና ፊት ተቀመጡ። ትራምብዌ ያሉበት ነው ፊት።

"ልጄ" አሉኝ ትራምብዌ ረጋ ብለው፣ "አርባ ዓመት ያሰገድኩ ሰው ነኝ። ቂብላን አንተ ልታሳየኝ ነው? ይሄ ነገር አየር ላይ ሲዞርስ፣ እንደ ቆጥ ዶሮ ወዲያና ወዲህ ልታዘልለን ነው?"

 ስድስት ደቂቃ ቀረ። ብልሃቴም እዚያው ላይ አለቀ። መተላለፊያው ላይ ተንበረከክሁ።

"ምባዬ፣ ይህ አውሮፕላን ዛሬ ካልተነሣ ሰርጌ የለም። በሬዎቹ ደጄ ላይ ታስረዋል። ሙናዋራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቃኛለች፤ ከእንግዲህ ጠብቂ የምልበት አፍ የለኝም። የገዛ ልጄ ጎረምሳ ሆኖ ከጎኔ ቆሞ መብላት ጀምሯል። አባትና ልጅ አንድ ትሪ ላይ ስንሻማ አይተውናል። እግርዎን ልሳም፣ ይነሡልኝ።"

 አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

"ነገሩ ሰርግ ነው እንዴ?" አሉ ትራምብዌ።

"ሰርግ ነው።"

"ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ሚዛን ሚዛን የምትለን ምን ነክቶህ ነው? ለሚዛን ማን ይነሣል? ለሰርግ ግን ሰው ከቃሬዛም ላይ ይነሣል!"

ካባቸውን ሰብስበው ተነሡ። በሁሉም መሐል አልፈው የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ መጸዳጃው አጠገብ፣ ተቀመጡ። አሥሩም ተከትለው ሄዱ።

"አሁን ደግሞ ጭራው ከበደ!" ብላ ጮኸች ንጄሪ። "አምስቱ ይመለሱ!"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከትራምብዌ ርቆ ፊት መቀመጥ አሁን ውርደት ሆኗል። ትራምብዌ በምርኩዛቸው መምረጥ ጀመሩ።

"ካሪሂላ፣ አንተ ፊት ሂድ።"

"እኔ ምን በደልኩ?"

"ለሰርጉ ነው፣ ሂድ አልኩህ!"

አውሮፕላኑ ለስድስት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀር ተነሣ። ተቆጣጣሪው ደብተሩ ላይ "የመንገደኞች አቀማመጥ፦ በሚገባ የታሰበበት" ብሎ ጻፈ። እኔ በሩ ሳይዘጋ ወርጄ ነበርና ሜዳው ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አየር መንገዱ በአሥራ አራተኛው ወር ለአምስተኛ ጊዜ ሞተ፤ አውሮፕላኑ ለጥገና ብሎ ሄዶ ቀረ። ሰርጌ ግን በቀኑ ሆነ። ሙናዋራ ወርቋን አድርጋ ስትወጣ ትራምብዌ ክንዴን ይዘው አደባባዩ ላይ አስቀመጡኝ። ዛሬ ሥራ የለኝም፣ አውሮፕላንም የለንም። ስናገር ግን ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያዳምጠኛል።